ቢሉን ከመክፈል ቤቱን መጠገን፦ የአሜሪካ የዌዘራይዜሽን ፕሮግራም ማን ጋ ይደርሳል?

ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ወይም ኮሎምበስ ለሚኖር ብዙ ሐበሻ የጃንዋሪ የጋዝ ቢል የወሩ ትልቅ ጭንቀት ነው። ኪራይ ወይም ሞርጌጅ አለ። የመኪና ኢንሹራንስ አለ። አገር ቤት የሚላክ አለ። ማሞቂያው ሌት ተቀን እየሠራ ቤቱ አልሞቅ ይላል። ልጆች ሹራብ ደርበው ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቢል ያሳብዳል።

ሸክሙ ለሁሉም እኩል አይደለም። የአሜሪካ የኢነርጂ ዲፓርትመንት እንደሚለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ከገቢያቸው በአማካይ 8.6 በመቶውን ለመብራትና ለማሞቂያ ያወጣሉ። የሌሎች ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱ የገቢ ማነስ ብቻ አይደለም። ገቢው ያነሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚኖረው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ውስጡ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ላልቷል፣ ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ) ደክሟል። ስለዚህ አዲስ ቤት ውስጥ ያለው ሰው የሚያገኘውን ሙቀት ለማግኘት የበለጠ ጋዝ ያቃጥላል።

መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ በሁለት መንገድ ሊደርስለት ይችላል። አንዱ ቢሉን ማገዝ ነው። ይህን የሚሠራው ላይሂፕ የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይመደብለታል። ሁለተኛው መንገድ ቢሉን ያናረውን ቤት ራሱን መጠገን ነው። ቀዳዳውን መድፈን፣ ኮርኒሱንና ግድግዳውን ማልበስ፣ ማሞቂያውን ማስተካከል። ይህኛው ዌዘራይዜሽን ይባላል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ምንም አይከፍልም።

ስለ ላይሂፕ የሰማ ሰው ብዙ ነው። ስለ ዌዘራይዜሽን የሰማ ግን ጥቂት ነው። በጀቱም የላይሂፕ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የቢል እርዳታ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያስፈልጋል። ግድግዳ ውስጥ የገባ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግድ ልባስ) ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት እዚያው ሆኖ ይሠራል። ታዲያ የሚያዋጣው ሁለተኛው ከሆነ ለምን ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ቀረ? ደግሞስ ካለው ገንዘብ ውስጥ በጣም የተቸገረው ሰው ጋ የሚደርሰው ምን ያህሉ ነው? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ከነዳጅ ቀውሱ የተወለደ

በ1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ አንሸጥም አሉ። ዋጋው ሰማይ ነካ። በቀዝቃዛዎቹ ግዛቶች ቤታቸውን በነዳጅ ዘይት የሚያሞቁ ድሆች በአንድ ክረምት ችግር ላይ ወደቁ። ኮንግረሱ በ1976 ባወጣው የኢነርጂ ቁጠባ ሕግ ውስጥ የዌዘራይዜሽን ፕሮግራም ተካተተ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ፈረሙበት።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ በጣም ቀላል ነበር። በጎ ፈቃደኞችና የመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ሠራተኞች መስኮት ላይ ፕላስቲክ ይወጥሩ ነበር። በበርና በመስኮት ዳር ያለውን ስንጥቅ ይደፍኑ ነበር። ክረምቱን ለማሳለፍ ያህል ነው። ፕላስቲኩ በዓመቱ ይቀደዳል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ፕሮግራሙ መልኩን ቀየረ። ከመሥራት በፊት መለካት መጣ። ቤቱ የት የት ነው የሚያፈሰው? ለየትኛው ሥራ የወጣ ገንዘብ ነው በቢል ቁጠባ የሚመለሰው? እነዚህን ጥያቄዎች በመሣሪያና በስሌት መመለስ ተጀመረ። ከ1976 ወዲህ ከ7 ሚሊዮን በላይ ቤቶች በዚህ ፕሮግራም ተሠርተዋል።

የገንዘቡ መንገድ እንዲህ ነው። ኮንግረሱ ይመድባል። የኢነርጂ ዲፓርትመንት ለግዛቶች ያከፋፍላል። ግዛቶች ደግሞ በየአካባቢው ላሉ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ይሰጣሉ። አብዛኞቹ ኮሚዩኒቲ አክሽን የሚባሉት ናቸው። በራችሁን የሚያንኳኳው ከእነሱ የተላከ ሰው ነው።

ቤቱ ላይ የሚሠራው

ሰው ስለ ዌዘራይዜሽን ሲሰማ ቶሎ የሚያስበው አዲስ መስኮት ነው። ባለሙያው መጥቶ መስኮት አይቀየርም ሲል ብዙ ቤተሰብ ቅር ይለዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ቤት እንዴት ሙቀት እንደሚያጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ሞቃት አየር ቀላል ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል። በክረምት የሞቀው አየር በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ሾልኮ ጣሪያ ስር ወዳለው ባዶ ቦታ ይገባል፣ ከዚያ ውጭ ይወጣል። ቀዳዳዎቹ ብዙ ናቸው። የመብራት ሽቦ ያለፈበት፣ የቧንቧ ዙሪያ፣ የጭስ መውጫው ዳር፣ ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው ትንሽ በር። በወጣው አየር ልክ ደግሞ ከታች፣ በቤዝመንቱ በኩል፣ ቀዝቃዛ አየር ይሳባል። ቤቱ በሙሉ እንደ ጭስ መውጫ ይሆናል ማለት ነው። እግራችሁ ሥር የሚሰማችሁ ንፋስ ብዙ ጊዜ መነሻው ከጭንቅላታችሁ በላይ ያለ ቀዳዳ ነው።

ባለሙያው ይህን የሚያገኘው ብሎወር ዶር በሚባል መሣሪያ ነው። የውጭ በሩ ላይ ሸራ ይወጠርና ትልቅ ማራገቢያ ይገጠማል። ማራገቢያው አየሩን ከቤት ውስጥ ወደ ውጭ ይስባል። በውስጥና በውጭ መካከል 50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ሲፈጠር፣ በየደቂቃው ስንት አየር በቀዳዳዎቹ እንደሚገባ መሣሪያው ይናገራል። ማራገቢያው እየሠራ እጃችሁን ሶኬት አጠገብ ብታደርጉ ነፋሱ ይሰማችኋል። ሥራው ሲያልቅ ያው ልኬት ይደገማል። የተሠራውና ያልተሠራው በቁጥር ይታያል።

ከዚያ የሥራው ቅደም ተከተል ይመጣል። መጀመሪያ የኮርኒሱ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ቀጥሎ በላዩ ላይ ወፍራም ኢንሱሌሽን ይነፋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሙቀቱ በኢንሱሌሽኑ መሃል እየሾለከ ይወጣል፤ እርጥበትም ይዞ ስለሚሄድ ጣሪያውን ያበሰብሳል። ግድግዳው ባዶ ከሆነ ከውጭ በኩል ትንንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ሴሉሎስ የሚባል፣ ከወረቀት የሚሠራ ኢንሱሌሽን በግፊት ይሞላል። ቀዳዳው ተመልሶ ይዘጋል። ፈርነሱ ይፈተሻል። አደገኛ ከሆነ ወይም ጨርሶ ካረጀ ይቀየራል።

መስኮትስ? እያንዳንዱ ሥራ የሚያድነው ገንዘብ ከወጣበት ወጪ ማነስ የለበትም የሚል ሕግ አለ። መስኮት ውድ ነው፣ የሚያድነው ግን ከኮርኒስ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ሚዛን ላይ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። የተሰበረ መስታወት ሊተካ ይችላል። የቤቱ መስኮት ሁሉ መቀየር ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚሆን ነገር ነው።

አንድ ነገር ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ለእኔ የፕሮግራሙ ትልቁ ጥቅም እሱ ነውና። ባለሙያው ቤቱን ከማሸጉ በፊት በጋዝ የሚሠሩ ዕቃዎችን ሁሉ ይፈትሻል። ፈርነሱ፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ምድጃው። ከእነዚህ የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ቤት በደንብ ሲታሸግ ይህ አየር መውጫ ሊያጣ ስለሚችል ፍተሻው ግዴታ ነው። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይገጠማል። አየር የሚያስወጣ ማራገቢያም ይጨመራል። ባለቤቱ ቢል ሊቀንስ ብሎ አመልክቶ፣ ፈርነሱ ቤተሰቡን ሊጨርስ እንደነበር የሚያውቅበት ቤት አለ። ይህ በዶላር ቁጠባ ሰንጠረዥ ውስጥ በቀላሉ አይገባም።

ሥራው ለብርድ አገር ብቻ አይደለም። ዳላስ፣ ፊኒክስና ላስቬጋስ ያለ ቤት ከሙቀት የሚጠበቀው በተመሳሳይ መንገድ ነው። እዚያ ትኩረቱ ኮርኒሱ፣ የቀዝቃዛ አየር ማስተላለፊያ ቱቦዎቹና ኤሲው ናቸው። በበጋ ሙቀት አረጋውያን በሚሞቱባቸው ከተሞች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

የኢነርጂ ዲፓርትመንት እንደሚለው አንድ ቤተሰብ ከሥራው በኋላ በዓመት በአማካይ 372 ዶላር ገደማ ያድናል። በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተመራ ሰፊ ግምገማ ደግሞ ለፕሮግራሙ የወጣ እያንዳንዱ 1 ዶላር 1.72 ዶላር የኢነርጂ ጥቅም፣ ከዚያ በላይ 2.78 ዶላር የጤናና የደኅንነት ጥቅም እንደሚያስገኝ አስልቷል። ደጋፊዎች ሁሌም የሚጠቅሱት ይህን ነው።

ተቺዎች የሚጠቅሱት ሌላ ጥናት አላቸው። ሜሬዲት ፋውሊ፣ ማይክል ግሪንስቶንና ካትሪን ዎልፍራም የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ሚሺጋን ውስጥ ከ30,000 በላይ ቤተሰቦችን ያካተተ ምርምር ሠሩ። በ2018 ታተመ። ግኝቱ ጠንካራ ነው። ቤቶቹ የኢነርጂ ፍጆታቸውን ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀንሰዋል። ነገር ግን ወጪው ከተገኘው የኢነርጂ ቁጠባ እጥፍ ያህል ሆነ። ከሥራው በፊት በኮምፒውተር ሞዴል የተተነበየው ቁጠባ ደግሞ በእውኑ ከተገኘው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

ይህን ጥናት ማጣጣል አይገባም። በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሞዴሎቹ ቁጠባውን አጋንነው ይተነብያሉ የሚለው ግኝት ፕሮግራሙን ለሚወድ ሰው ይበልጥ ሊያሳስበው ይገባል። ምክንያቱም የትኛው ቤት ላይ ምን ይሠራ የሚለው የሚወሰነው በእነዚያው ሞዴሎች ነው። ሞዴሉ ከተሳሳተ ገንዘቡ ያለ ቦታው ይወጣል።

ግን ጥናቱ የተሠራበትን ጊዜና ቦታም ማየት ያስፈልጋል። ያኔ የተፈጥሮ ጋዝ በጣም ረክሶ ነበር። ጋዝ ሲረክስ ማንኛውም የቁጠባ ሥራ አክሳሪ ይመስላል። ገንዘቡም በ2009 የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ በጥድፊያ የወጣ ነበር። ከሁሉም በላይ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠው በዋናነት ኢነርጂው ነው። አስም ያለበት ልጅ ሆስፒታል ሳይገባ ያሳለፈው ክረምት በጋዝ ቆጣሪ አይለካም።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ዌዘራይዜሽንን በኢነርጂ ቁጠባ ብቻ መከላከል ስህተት ነው። የጋዝ ዋጋ ሲወርድ መከራከሪያው አብሮ ይወርዳል። ይህ ለመኖሪያነት ያልደረሰ ቤት ውስጥ ላሉ ሰዎች የሚደረግ የጤናና የቤት ጥገና ፕሮግራም ነው። እንደዚያ ተብሎ ቢመዘን አሁን የሚከለክላቸውን ብዙ ሥራዎች ሊሠራ ይችል ነበር።

በነጻ ነው፤ ግን ማን ይወስዳል?

የሚሺጋኑ ቡድን ብዙም ያልተወራለት ሌላ ግኝት አለው። ተመራማሪዎቹ ለዕድሉ ብቁ የሆኑ ቤተሰቦችን መርጠው እንዲያመለክቱ ገፋፏቸው። ሰው በራቸው ድረስ ተላከ፣ ስልክ በተደጋጋሚ ተደወለ፣ ፎርም ለመሙላት ታገዙ። ያ ሁሉ ተደርጎ ሥራው እስከ መጨረሻው የተሠራላቸው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ካልተገፋፉት ውስጥ ደግሞ ከ1 በመቶ በታች። የማበረታቻው ወጪ ብቻ በአንድ በተሠራ ቤት ከ1,000 ዶላር በላይ መጣ። ለቤቱ ባለቤት ግን በአማካይ 5,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሥራ በነጻ ቀርቦለት ነበር።

ሰው ለምን ነጻ ነገር አይወስድም? የእኛን ማኅበረሰብ የሚያውቅ ሰው መልሱ አይጠፋውም። መጀመሪያ ወረቀቱ ነው። የቤተሰቡ አባላት ሁሉ የገቢ ማስረጃ ይጠየቃል። አንድ ቦታ በደሞዝ የሚሠራ ሰው ፔይ ስታብ አውጥቶ ይሰጣል። ኡበር የሚነዳ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሥራ የሚሠራ፣ ባለቤቱ ቤት ውስጥ ልጅ የምትጠብቅ ሰው ግን የገቢውን ማስረጃ ማሰባሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆንበታል። ባለሙያው የሚመጣውም በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ለኦዲቱ፣ ማለትም ቤቱ ለሚለካበትና ለሚፈተሽበት፣ አንድ ቀን፣ ለሥራው ሌላ ቀን፣ ለመጨረሻው ፍተሻ ደግሞ ሌላ ቀን ቤት መዋል አለበት።

ሌላው አለመተማመን ነው። በር የሚያንኳኳና ነጻ የሚል ሰው በበዛበት አገር መጠርጠር ብልህነት ነው። ሶላር በነጻ ብለው የ25 ዓመት ውል የሚያስፈርሙ ሻጮች ብዙ ሰው አቃጥለዋል። እናቶቻችንና አባቶቻችን እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲመጣ በር ባይከፍቱ ልንወቅሳቸው አንችልም።

የግሪን ካርድ ፍርሃትም አለ። የመንግሥት እርዳታ ከወሰድኩ ጉዳዬ ይበላሻል የሚል። በ2022 የወጣው የፌዴራል ደንብ የሚቆጥረው ለኑሮ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብንና በመንግሥት ወጪ የሚደረግ የረጅም ጊዜ ተቋማዊ እንክብካቤን ነው። የኢነርጂ እርዳታን አይቆጥርም። ቢሆንም ደንብ ይለዋወጣልና፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ።

ይህን እንቅፋት ለመቀነስ የሚቻለው ሌላ ፎርም በመጨመር አይደለም። አንድ ቤተሰብ ለምግብ እርዳታ ወይም ለላይሂፕ ገቢው ተረጋግጦ ካለፈ፣ ያው ማረጋገጫ ለዌዘራይዜሽን ይበቃዋል ማለት ይቻላል። ሚኒሶታ ውስጥ የኢነርጂ እርዳታና የዌዘራይዜሽን ማመልከቻ አንድ ላይ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ ከብሮሹር ይልቅ የሚሠራው በሚያምነው ቦታ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በኮሚዩኒቲ ማዕከል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያስረዳው ሰው ነው።

ለመጠገን በጣም የተጎዳ ቤት

አሁን ወደሚያናድደኝ ጉዳይ ልምጣ። አመልክታችሁ፣ ወረቀቱን አሟልታችሁ፣ ተራ ጠብቃችሁ፣ ባለሙያው ይመጣል። ቤቱን ያያል። ከዚያ ጣሪያው ስለሚያፈስ ልንሠራው አንችልም ይላል።

ይህ ዲፈራል ይባላል። ትርጉሙ ይቆይ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ግን መቼም አይሠራም ማለት ነው። የሚያፈስ ጣሪያ፣ ሰፊ ሻጋታ፣ አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ ኢንሱሌሽን፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተሰነጠቀ መሠረት፣ ሁሉም ሥራውን ያስቆማሉ። ምክንያቱ ትክክል ነው። በሚያፈስ ጣሪያ ስር አዲስ ኢንሱሌሽን ማስገባት ገንዘብ ማበላሸት ነው። አሮጌ ሽቦን መሸፈን እሳት ያስነሳል። ነገር ግን የኢነርጂው ገንዘብ ጣሪያ ለመጠገን እንዲውል የሚፈቀደው በጣም በትንሹ ነው።

ውጤቱን አስቡት። ቤቱ መካከለኛ ጉዳት ያለበት ሰው ይሠራለታል። ቤቱ እጅግ የተጎዳበት ሰው፣ ማለትም ክረምቱን በከፋ ብርድ የሚያሳልፈው፣ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ባልቴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ቤቱ የራሳቸው ነው፣ ግን ጣሪያ ለማስቀየር አቅም የላቸውም።

ኮንግረሱ ችግሩን አይቶ በ2022 በጀት የዌዘራይዜሽን ዝግጅት ፈንድ የሚባል አቋቋመ። መነሻው 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለመላው አሜሪካ ማለት ነው። ፔንስልቬንያ በዚያው ዓመት የወሰደችው እርምጃ የተሻለ ነው። ከፌዴራል የኮቪድ ማገገሚያ ገንዘብ 125 ሚሊዮን ዶላር መድባ የሙሉ ቤት ጥገና ፕሮግራም ጀመረች። ሐሳቡን የገፉት የፊላደልፊያው የግዛት ሴናተር ኒኪል ሳቫል ናቸው። ለአንድ ቤት እስከ 50,000 ዶላር ይፈቅድ ነበር። ሐሳቡ ጣሪያው፣ ሽቦው፣ ቧንቧው መጀመሪያ እንዲጠገን፣ ከዚያ ዌዘራይዜሽኑ እንዲከተል ነበር። አመልካቹ ከገንዘቡ እጅግ በለጠ፣ በየአውራጃው ረጅም ወረፋ ተፈጠረ። ፍላጎቱ የት እንዳለ ያኔ ታየ። አንድ ግዛት ብቻዋን ያወጣችው ገንዘብ የአገሪቱን ፈንድ መነሻ ከስምንት ጊዜ በላይ ይበልጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ፌዴራሉ ጉዳዩን ምን ያህል እንዳቀለለው ይረዳል።

ሌላው የሚቀረው ሰው ተከራይ ነው። ሕጉ ተከራይን አይከለክልም። ግን አከራዩ መፍቀድና መፈረም አለበት። አፓርትመንት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 66 በመቶ የሚሆኑት ቤቶች በገቢያቸው ብቁ በሆኑ ሰዎች መያዝ አለባቸው። ሁለት ወይም አራት ቤት ላለው ሕንፃ 50 በመቶ ይበቃል። አከራዩ ሥራው ተሠርቷል ብሎ ለተወሰነ ጊዜ ኪራይ እንዳይጨምር ውል ይገባል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ሆኖም ጋዙን የሚከፍለው ተከራዩ ከሆነ፣ አከራዩ ለምን ብሎ ራሱን ያስቸግራል? አዲስ የመጣው ስደተኛ ደግሞ ተከራይ ነው። ስለ ኮርኒሱ አከራዩን መጠየቅ ችግር ያመጣብኛል ብሎ ዝም ይላል። ፕሮግራሙ አከራዮችን ራሱ ፈልጎ እስካላናገረ ድረስ፣ ይህን ሸክም በተከራዩ ላይ መጣል ፍትሕ አይመስለኝም።

ገንዘቡ ሲመጣና ሲሄድ

በመደበኛው የፌዴራል በጀት በዓመት 35,000 ገደማ ቤቶች ይሠራሉ። በገቢያቸው ብቁ የሆኑት ቤተሰቦች ከ30 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በዚህ ፍጥነት ሁሉንም ለመድረስ ከ800 ዓመት በላይ ይፈጃል። ግዛቶችና የመብራት ድርጅቶች የሚጨምሩት ገንዘብ ቢኖርም ርቀቱን አያጠብበውም።

ከማነሱም በላይ የሚጎዳው አለመረጋጋቱ ነው። በ2009 የኢኮኖሚ ቀውሱን ለመመከት 5 ቢሊዮን ዶላር በአንዴ ገባ። በ2008 ከነበረው በጀት ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ግን የሠራተኛ ደሞዝ በየካውንቲው እስኪወሰን ብዙ ግዛቶች ሥራውን ለወራት አቆዩት። ሠራተኛ ተቀጠረ፣ ሠለጠነ፣ መኪናና መሣሪያ ተገዛ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገንዘቡ አለቀ፤ የሠለጠኑት ተበተኑ። በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ድርጅቶቹ እንደገና ከዜሮ ሠራተኛ መፈለግ ጀመሩ። ግድግዳ በስቶ ሳያበላሽ ኢንሱሌሽን መሙላት የሚችል ሰው በአንድ ወር አይገኝም።

በዚህ መካከል ፕሮግራሙን ጨርሶ የማጥፋት ሐሳብም ይመጣል። የመጀመሪያው የትራምፕ አስተዳደር በተከታታይ በጀቶቹ ለዌዘራይዜሽን ዜሮ እንዲሆን ጠየቀ። ኮንግረሱ እምቢ ብሎ እንዲያውም ጨመረለት። የሪፐብሊካን ግዛቶች ሴናተሮችም ይደግፉታል፤ የገጠሩ ሕዝባቸው ይጠቀምበታልና። በኤፕሪል 2025 ደግሞ ላይሂፕን የሚያስተዳድሩት የፌዴራል ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። ገንዘቡ በሕግ ተመድቦ እያለ የሚያከፋፍለው ሰው ሊጠፋ እንደሚችል ያሳየ ክስተት ነው።

የአሜሪካው ፕሮግራም ቀርፋፋ ነው ብሎ ለሚያማርር ሰው የእንግሊዝን ነገር እጠቁመዋለሁ። እዚያ መንግሥት ሥራውን ለኢነርጂ ሻጭ ኩባንያዎች ሰጠ፤ እነሱም በሥራ ተቋራጮች አሠሩት። በኦክቶበር 2025 የአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት ቢሮ ባወጣው ሪፖርት፣ በቅርብ ዓመታት የውጭ ግድግዳ ኢንሱሌሽን ከተሠራላቸው ቤቶች 98 በመቶው መታረም ያለበት ትልቅ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። እርጥበትና ሻጋታ ያመጣል። ከብርድ ሊያድናቸው የመጣው ሥራ ቤታቸውን አበላሸባቸው። በአሜሪካ ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ቤት ሥራው ሲያልቅ በሠለጠነ ተቆጣጣሪ ይታያል። ይህ ቁጥጥር ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ለፍጥነት ተብሎ መነካት የሌለበት ክፍል ይህ ነው።

ማመልከት ለምትፈልጉ፦ ገቢያችሁ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 200 በመቶ በታች ከሆነ ወይም ቤተሰባችሁ ውስጥ ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የፌዴራል ድጎማ) የሚያገኝ ሰው ካለ ብቁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ልጆች ያሉበት ቤት ቅድሚያ ያገኛል። 211 ደውላችሁ በአካባቢያችሁ የዌዘራይዜሽን ሥራ የሚሠራው ድርጅት የቱ እንደሆነ ጠይቁ። አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቤታችሁ ከዚህ በፊት ተሠርቶ ከሆነ 15 ዓመት ሲሞላው እንደገና ማመልከት ይቻላል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ብርዱን አትጠብቁ፤ በሜይ ወይም በጁን ጀምሩ። ባለሙያው ሊሠራ አልችልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ጣሪያ ወይም ሽቦ የሚጠግን ሌላ ፕሮግራም ካውንቲው ውስጥ ስትፈልጉ ያ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። የቤቱ ባለቤት ሆናችሁ ለዌዘራይዜሽን ክፈሉ ወይም የብድር ውል ፈርሙ የሚላችሁ ሰው ከመጣ ደግሞ ከዚህ ፕሮግራም አይደለም።